የወተቱ ትርፍ የማን ነው?

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 9፣ የሠራተኛን መብት ሲያስረዳ ከሚያቀርባቸው ምሳሌዎች አንዱ የእረኛው ነው። በገዛ ስንቁ የሚዘምት ወታደር፣ ወይን ተክሎ ከፍሬው የማይቀምስ ሰው እንደማይኖር ሁሉ፣ መንጋ እያገደ የመንጋውን ወተት ሳይቀምስ የሚኖር ይገኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ሐዋርያው ይህን ሲጠይቅ መልሱ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ እንደሆነ አምኖ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንደሌለ ሳይጠራጠር ነው ንግግሩን የቀጠለው።

እኛ ግን በወልድያና በመርሳ፣ እንዲሁም በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ስንመላለስ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን እናያለን። ከመርሳ ከተማ ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት እናት፣ ሁለት ላሞቿን ማልዳ አልባ ወተቱን በጄሪካን ለሻይ ቤቶች አድርሳ ስትመለስ አገኘናት። ስለ ላሞቿ ጠባይ፣ ስለ መኖው መወደድ፣ በክረምት ስለሚያስቸግራት የበረት ጭቃ ስታጫውተን ቆየች። በመጨረሻ «ልጆቹስ ወተት ይጠጣሉ?» ብለን ብንጠይቃት፣ «አይ አባ፣ ወተቱማ ለሰው ነው፤ ለልጆቹ ሻይ አፈላላቸዋለሁ» አለችን።

ይህን የተናገረችው በምሬት አልነበረም። ለእርሷ ነገሩ የታወቀና ያደረ ነው። በዚህ ሥራ ታተርፍ እንደሆነ ስንጠይቃትም «ተመስገን፣ ትርፍ አለው» ብላናለች። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ መልስ ነው። ላም ታስሮ፣ ወተት ታልቦ፣ ልጅ ሻይ የሚጠጣበት ቤት «አተረፈ» ሲባል፣ ትርፉ የማን ነው? ትርፍ ከመባሉስ በፊት የማን ድርሻ ነበር?

ከጓዳ ወደ ገበያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን የሚያልፍ ሰው የሀብሩን ምድር ያውቀዋል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ሜዳ፣ በመካከሉ የማሽላና የጤፍ ማሳ፣ ውኃ በደረሰበትም የፍራፍሬ ተክል ይታያል። በማሽላና በሌሎች ሰብሎች ምርምሩ የታወቀው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘውም በዚሁ ወረዳ ነው። ገበሬው ከብት የሚያረባው በመጀመሪያ ለእርሻ በሬ ሲል ነው፤ ላሟ የምትወደደው በሬ ስለምትወልድ ነው። ወተቷ ተጨማሪ በረከት ነው እንጂ ዋና ሀብት ተብሎ አልተቆጠረም።

ሊቆጠርም አይችልም ነበር። ኢትዮጵያ ካላት 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አብዛኛው የአገር ዝርያ ነው። የአገራችን ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ትታለባለች፤ ይህም የሚቆየው ለስድስት ወይም ለሰባት ወር ያህል ነው። ብዙ ጊዜም የምትወልደው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ይህን ያህል ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ተጠራቅሞ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራው ለቤተሰብ ይቀራል፤ ከአሬራውም አይብ ይወጣል። ትኩስ ወተት ለገበያ ማውጣት በብዙ የገጠር መንደሮች እንደ ነውር ይታይ ነበር። ወተት ለልጅ፣ ለሕመምተኛና ለእንግዳ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም።

በዚህ አሮጌ ሥርዓት ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ጥበብ አለ። ከአገር ላም ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ያህል ይናጣል። እናት ቅቤውን ወደ ገበያ ስትወስድ ከቤት የሚወጣው የወተቱ ስብ ብቻ ነው። ሥጋ የሚያለብሰውና አጥንት የሚያጠነክረው ክፍል በአሬራውና በአይቡ ውስጥ ሆኖ ለልጆቹ ይቀራል። የቅቤውም ገንዘብ በአብዛኛው በሴቲቱ እጅ ይገባ ነበር። ስለዚህ ገበያው ድርሻውን ሲወስድ ጓዳው ባዶ አይቀርም ነበር።

ትኩስ ወተት መሸጥ ሲጀመር ግን ነገሩ ተለወጠ። ወተቱ በጠዋት ከነሙሉ ነፍሱ ከቤት ይወጣል፤ ወደ ኋላ የሚቀር አሬራ የለም። ስለ ድቅል ላም ብዙ ሲነገር ይህ ለውጥ እምብዛም አይነገርም። በአገራችን የዘመናዊ ወተት ሥራ ታሪክ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች በተገኙ ጊዜ ነው። ሥራው ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ ተወስኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን ድቅል ላም ወደ ክፍላተ ሀገር ከተሞች ደረሰች፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብርም ወተትን ከእንቁላል፣ ከዶሮና ከማር ጋር በየቤቱ ለማብዛት ታስቦ የተነሣ ነው። ወልድያም አድጋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ የወተት ፈላጊው ቁጥር በዝቷል።

እኛ ይህን አንነቅፍም። በቀን ስምንትና አሥር ሊትር የምትታለብ ላም ለአንድ ድሃ ቤት ትልቅ ተስፋ ናት። የምንጠይቀው፣ ወተቱ ሲበዛ የቤቱ ሰው ለምን ከወተቱ ራቀ? የሚለውን ነው።

ሒሳቡ በሊትር ቢቆጠር

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 27 የመንጋህን ሁኔታ ጠንቅቀህ እወቅ ሲል ይመክራል። ምክሩም የሚያበቃው ወተት ለባለቤቱ፣ ለቤተሰቡና በቤቱ ለሚያገለግሉት ምግብ እንደሚበቃ በማመልከት ነው። ቆጥሮ ማወቅና የቤቱ ሰው መጥገብ በአንድ ምክር ውስጥ ተያይዘው ተቀምጠዋል። እስቲ እኛም እንቁጠር።

የብር ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በሊትር እናድርገው። ለምሳሌ ያህል በቀን 8 ሊትር የምትታለብ አንዲት ድቅል ላም ያላት ቤተሰብ እንውሰድ። ቁጥሮቹ እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ የምናስረዳባቸው ግን የነገሩን አካሄድ ነው። ከስምንቱ ሊትር የሦስቱ ዋጋ ለመኖ ይሄዳል፤ ይኸውም ለፉርሽካ፣ ለፋጉሎ፣ ለጭድና ለአገዳ ነው። በወተት ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው የመኖ ወጪ እንደሆነ ባለሙያዎች ሁሉ ይስማሙበታል። የግማሽ ሊትር ዋጋ ደግሞ ለመድኃኒት፣ ለማዳቀያና ለልዩ ልዩ ጥቃቅን ወጪ እንበለው። ከኪስ በእርግጥ የሚወጣው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚይዘው ሰው ሦስት ሊትር ተኩሉን ይቀንስና «የቀረው አራት ሊትር ተኩል ትርፍ ነው» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ይህን ትርፍ ገልጠን እንየው። ከአራት ሊትር ተኩሉ ሁለቱ የጥጃዋ ናቸው። ጥጃዋ እንገሯንና ወተቷን በሚገባ ካላገኘች ትቀጭጫለች ወይም ትሞታለች፤ ነገ ላም የምትሆነውም እርሷ ናት። አንዱ ሊትር የልጆቹ ነው። ሌላው አንድ ሊትር ደግሞ የነጠፈችበት ዘመን ነው፤ ላሟ ሳትታለብ በምትቆይባቸው ወራት መብላቷን አትተውምና፣ በታለበችበት ወቅት ካልተቆጠበላት ያን ጊዜ የምትበላው ከዕዳ ነው። የሚተርፈው ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ባለቤት አለው፤ የሠራተኛዋ ነው።

ሠራተኛዋ ማን ናት? በአብዛኛው የቤቱ እናትና ሴት ልጆቿ ናቸው። በረቱን ትጠርጋለች፤ አዛባውን ትዝቃለች፤ ኩበቱን ትጠፈጥፋለች፤ ጭዱን ትሸከማለች፤ ጠዋትና ማታ ታልባለች፤ ዕቃውን አጥባ ታጥናለች፤ ወተቱን ታደርሳለች። የምትታለብ ድቅል ላም በሞቃት አገር በቀን 50 ሊትር ያህልና ከዚያም በላይ ውኃ ትጠጣለች። ይህ ቧንቧ በሌለበት ቤት በጀርባ የሚመጣ ሁለት ጄሪካን ተኩል ውኃ ነው። የአራትና የአምስት ሰዓት የዕለት ድካም ዋጋው ግማሽ ሊትር ወተት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የሚቀጠር የቀን ሠራተኛ በወልድያ ገበያ አይገኝም።

እንግዲህ «ትርፍ» የተባለው አራት ሊትር ተኩል ሁሉ ቀድሞውኑ ባለቤት ነበረው። የጥጃዋ፣ የልጁ፣ የነገው ቀንና የእናቲቱ ድርሻ ነበር። ትርፍ የመሰለን እነዚህ አራቱ ሒሳብ ስለማይጠይቁ ነው። ጥጃ ደረሰኝ አትጽፍም፤ ሕፃን ዕዳ አያስከፍልም፤ የነገው ቀን አፍ የለውም፤ እናትም ዝም ትላለች። ሲሉ የሰማነው ተረት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። የእነዚህ ቤተሰቦች ላም ግን በሰማይ ሳትሆን በበረታቸው ታስራ ነው ወተቷን የማያዩት።

ይህም ሁሉ ሆኖ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር በሒሳቡ ውስጥ የለም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ከብት በአንድ ወቅት እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ ሀብሩ በደረሰ ጊዜም ብዙ ቤተሰቦች ከብታቸውን አጥተው ከባዶ በረት ጀምረዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ በሚዘጋበት ቀን እህል ይጠብቃል፤ ወተት ግን አይጠብቅም፤ እስከ ማታ ይበላሻል። ይህን ሁሉ ሥጋት የምትሸከመው ባለ አንድ ላሟ ሴት ናት።

የልጁ ድርሻም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች የሆኑ ነበሩ። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በወተት እጥረት ብቻ የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ላም በታሰረችበት ቤት ልጅ ሲቀነጭር፣ ነገሩ የድህነት ብቻ ሳይሆን የአከፋፈልም ጥያቄ መሆኑን ልንክድ አንችልም።

ሁለት መከራከሪያዎች

ለዚህ አስተያየት ሁለት መልሶች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን። የመጀመሪያው «ማን አስገደዳት? ወዳና ፈቅዳ ነው የሸጠችው፤ ዋጋውንም ተስማምታበታለች» የሚል ነው። ለዚህ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ሰጥታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ በሁለት ወገን ስምምነት የተወሰነ ደመወዝ በስምምነቱ ብቻ ፍትሐዊ ሊባል እንደማይችል አስተምረዋል። ሠራተኛው ችግር ስላስጨነቀው ወይም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ የተቀበለው ውል ከግፍ አይለይም። የተናገሩት ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢሆንም፣ ወተቷ እስከ ማታ እንደሚበላሽባት እያወቀች በተሰጣት ዋጋ የምትሸጠው እናት ሁኔታ ከዚያ የተለየ አይደለም። ሻጩ ሊያቆየው የማይችለውን ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ውስጥ «ተስማምታለች» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ከባድ ነው። «እናት ለቤቷ የምትሠራው ከፍቅር ነው፤ ፍቅር በሰዓትና በሊትር አይቆጠርም፤ ብትቆጥሩት ታረክሱታላችሁ» ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የእናት ድካም ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጥ እንዲሆን አንፈልግም። ነገር ግን መቁጠር ሁልጊዜ ለመሸጥ አይደለም፤ ለማየትም ይቆጠራል። በወንጌል የተጻፈው መልካም እረኛ በጎቹን የሚቆጥረው ሊሸጣቸው አይደለም፤ አንዷ ብትጠፋ እንዲያውቅ ነው። የቤቱ አባት የሚስቱን ሰዓታት ቢቆጥር ምናልባት ጄሪካኑን ያነሣ ይሆናል። ልጁም የእናቱን ሰዓት ቢቆጥር በረቱን ይጠርግ ይሆናል። ድካምን ሳይቆጥሩ «ፍቅር ነው» ማለት፣ በሌላው ፍቅር ላይ ተደላድሎ መቀመጥ ይሆናል።

ገዢውም ድሃ ነው

እስከዚህ ያነበበ ሰው መፍትሔው የወተትን ዋጋ ከፍ ማድረግ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ማን ነው ገዢው? በወልድያ ወተት የምትገዛው በወር ደመወዝ የምትተዳደር መምህርት፣ ጡቷ የደረቀ አራስ፣ ሐኪም ወተት ያዘዘለት ሕመምተኛ፣ ኪራይ የከበደበት ሻይ ቤት ናቸው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር የከተማው ድሃ ልጅም እንደ ገጠሩ ልጅ ሻይ ጠጪ ይሆናል። ስለዚህ የአንዱን ልጅ ብርጭቆ ሞልቶ የሌላውን ማጉደል ፍትሕ አይሆንም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 «እናትና መምህርት» በተባለው መልእክታቸው ይህን ችግር በስሙ ጠርተውታል። የእርሻ ምርት ለሰው መሠረታዊ ፍላጎት የሚውል ስለሆነ ዋጋው ለሸማቹ ሁሉ የሚቻል መሆን አለበት፤ ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት ሆኖ የገጠሩን ሕዝብ ለዘወትር በዝቅተኛ ኑሮ ማቆየት አይገባም ብለው አስተምረዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የኅብረተሰቡ ሁሉ ግዴታ እንጂ የአንዲት ባለ ላም ዕዳ አይደለም። የመኖ አቅርቦት፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የመንገድ ሰላም፣ የወተት ማቀዝቀዣ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋን ሳይጨምሩ የአምራቿን ድርሻ የሚያሳድጉ ነገሮች ናቸው። የመንግሥትም፣ የማኅበራትም፣ የቤተ ክርስቲያንም ኃላፊነት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ገዢው ከኃላፊነት ነፃ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት መግዛት የኢኮኖሚ ብቻ ሳይሆን ምንጊዜም የግብረ ገብ ተግባር መሆኑን አሳስበዋል። ወተቷን የምታመጣልንን ሴት ወር ሙሉ በዱቤ ማጉላላት፣ በዝናብ ቀን ዘገየሽ ብሎ ዋጋ መቀነስ፣ ነገ ሌላ አገኛለሁ እያሉ ማስፈራራት፣ ለእኛ ጥቃቅን ነገር ሊመስለን ይችላል። በእርሷ ቤት ግን የጥጃዋን ድርሻ የሚወስነው ይህ ጥቃቅን ነገር ነው።

አምራቿም ከፍርድ ውጭ አይደለችም። ወተት በተፈጥሮው ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውኃ ነው፤ ይህንኑ ውኃ የሚያበዛ ሻጭ ግን የሕፃን ምግብ ይሰርቃል። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት የእንስሳት ሐኪሙ ከወሰነው ቀን በፊት ለገበያ ማቅረብም የጎረቤትን ጤና መጉዳት ነው። መጽሐፈ ሌዋውያን በምዕራፍ 19 በመለኪያና በሚዛን ግፍ እንዳይሠራ ያዘዘው ለባለጸጋ ብቻ አይደለም። ድህነት ብዙ ነገርን ያስረዳል፤ ሐሰተኛ መስፈሪያን ግን አያጸድቅም። ደግሞም እውነቱን ከተናገርን፣ እውነተኛ ዋጋ የማይከፈላት ሻጭ ውኃ ለመጨመር ትፈተናለች፤ ውኃ የሚጠረጥር ገዢም እውነተኛ ዋጋ ለመክፈል ያመነታል። አንዱ ኃጢአት ሌላውን ይመግባል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ከሁለቱ ወገን ቀድሞ እውነተኛ የሚሆነው ሰው ነው።

ላሟ ጾም አታውቅም

በአገራችን የወተት ሒሳብ ውስጥ በብዙው ዓለም የማይታሰብ አንድ ነገር አለ፤ ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመኑ ከፍስክ ምግብ የሚከለከልባቸው ቀኖች ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሆናሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እኛም ካቶሊካውያን የአበው ወግ የሆነውን ጾም እንጠብቃለን። በነዚህ ቀኖች የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትታለባለች። ወተቷ ገዢ ሲያጣ ወጪዋ አይቋረጥም።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ይህ ሸክም በመጠኑ ይቀላል። እኛ ስንጾም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወተቱን ይገዛሉ፤ በረመዳንም ለአፍጥር ይፈልጉታል። አንዱ ለሌላው ሳያውቀው የላሟን መኖ ይከፍልለታል። ብልኃተኛ እናትም ወተቱን ወደ ቅቤ ትለውጠዋለች፤ የተነጠረ ቅቤ ለፋሲካ ገበያ ይቆያልና። ሆኖም የድቅል ላም ወተት ብዙ ነው፤ ቅቤ መናጥም ሌላ የእናት ሰዓት ይጠይቃል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ሰዎች ሲገሥጽ፣ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ያስተምራል። የቤተ ክርስቲያን አበውም ከጾሙ የተረፈው ለድሃ እንዲሰጥ አዘዋል። ታዲያ እኛ በጾም ወራት ከወተት የቆጠብነው ገንዘብ የት ይሄዳል? ወደ ኪሳችን ከተመለሰ፣ ጾማችንን የከፈለችልን ያቺ ባለ ላም ናት ማለት ነው። እኛ ከወተት ተከለከልን፤ እርሷ ግን ከገቢዋ ተከለከለች፤ የእኛ በፈቃድ፣ የእርሷ በግድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በፍስክ ወራት ወተት የሚገዛ ምእመን በጾሙም ወራት የተለመደውን ዋጋ ቢከፍል፣ ወተቱም ጾም ለማይጠየቁት የድሃ ሕፃናትና ሕሙማን ቢሰጥ፣ አንድ ብር በሦስት ቦታ ይሠራል። ጾመኛው ጾሙን ከምጽዋት ጋር ያስተባብራል፤ ሕፃኑ ይጠግባል፤ ባለ ላሟም ወጪዋን ትሸፍናለች። ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። በአንድ ቁምስና አምስት ወይም ስድስት ቤተሰቦች ቢስማሙ ይበቃል።

ከርቢ ምን እንማራለን?

ፍትሕን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአካባቢያችን «ርቢ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ከብት ያለው ሰው ላሙን ለሌለው ሰው ይሰጣል። ተቀባዩ ያበላታል፣ ይጠብቃታል። ውሉ እንደ ስፍራው ቢለያይም፣ በአብዛኛው የሚወለደው ለሁለት ይከፈላል፤ ወተቱ ግን የጠባቂው ነው። ባለቤቱ ላሚቱ የእኔ ናት ብሎ ወተቱን አይጠይቅም፤ ድካሙን የደከመው ጠባቂው ነውና። ቅዱስ ጳውሎስ በጥያቄ የተናገረውን አባቶቻችን በውል አጽንተውታል። ያልተማረ የተባለው ገበሬ፣ ባለ ሀብትነትና ድካም ሲጋጩ ወተቱን ለድካም ፈረደ።

ታዲያ ይህን ፍርድ ለባዕድ ጠባቂ ከፈረድን ለገዛ ቤታችን እናት ለምን ነፈግናት? ለላሟስ ጠባቂ ወተት ከተገባ፣ ለጠባቂዋ ልጅ አንድ ብርጭቆ እንዴት ይበዛል? በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ደንብ ይህ ሊሆን ይገባል፦ ወተት ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የጥጃዋና የልጁ ድርሻ ይለይ፤ የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ያለው ይሁን። ይህን በማድረግ ገቢ ይቀንሳል፤ አንክድም። ነገር ግን የሚቀነሰው ቀድሞውኑ የእኛ ያልነበረ ነው። የገንዘቡ መያዣም በደከመችው እናት እጅ ይሁን፤ የቅቤው ዘመን ወግ ይህ ነበርና። የቤቱ ወንዶችም ውኃውንና አዛባውን ይካፈሉ። በማሳ ዳርና በቦይ ዳር የዝሆን ሣር ወይም ሰስባኒያ የሚተክል ቤተሰብ ለፉርሽካ ከሚከፍለው ጥቂቱን ለቤቱ ይመልሳል፤ የዚያ ጥቂት ዋጋ ደግሞ የልጁን ብርጭቆ ይሞላል።

እነዚህ ነገሮች ድህነትን ከሀብሩ ምድር አያጠፉም። ድርቅና ጦርነት ባደቀቀው አገር፣ በአንዲት እናት በረት ውስጥ ፍትሕ ቢደረግ ምን ይጠቅማል የሚለን ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ፍትሕ ከትልቅ ቦታ ብቻ እንደሚጀምር አላነበብንም። ጌታችን በስሙ ለታናሽ የሚሰጠው አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ ተናግሯል። አንድ ጽዋ ወተት እንዴት ይጠፋል?

ከላይ የጠቀስናት እናት «ወተቱማ ለሰው ነው» ስትለን፣ ልጆቿን ከሰው መለየቷ አልነበረም። ሰው ያለችው ገዢውን፣ ባዕዱን፣ ገንዘብ ያለውን ነው። ቋንቋችን በዚህ አባባል ሳያስበው አንድ ምስጢር አውጥቷል፤ የሚከፍለው ሰው ተባለ፤ የማይከፍለው ግን ሳይጠራ ቀረ። በእግዚአብሔር ፊት ግን የማይከፍሉትም ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የወተት ብርጭቆ በፊታችን ሲቀርብ፣ ከመቅመሳችን በፊት ከየትኛው በረት እንደመጣ፣ በዚያም ቤት ልጁ ምን እንደጠጣ እንጠይቅ። ጥያቄውን በልባችን ብቻ አናስቀረው፤ ወተቱን ላመጣችልን እናት እናንሣላት። መልሷን ከሰማን በኋላ እንደ በፊቱ ዋጋ መከራከር ይከብደን ይሆናል። ቢከብደን መልካም ነው። የመንጋው ሁሉ እረኛ የሆነው አምላካችን የተቆጠረውንም ያልተቆጠረውንም ያያልና፣ እርሱ እንደሚቆጥር ለመቁጠር ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን። አሜን።